የአንጀት ካንሰር ሲኖር ነጭ የደም ሴሎች ምን ይሆናሉ?

ጋሼ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው የኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተውታል። የሰፈራችን ሰው ናቸው። ላቦራቶሪ እንደምሠራ ስለሚያውቁ የምርመራ ውጤት በያዙ ቁጥር ወደ እኔ ይመጣሉ። የዚያን ቀን ግን ፊታቸው ልክ አልነበረም። "ልጄ፣ እስቲ እዪልኝ" አሉና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። ኒውትሮፊል ይላል፤ አንዱ የነጭ የደም ሴል ዓይነት ነው። ቁጥሩ 79 ፐርሰንት ነው። ከጎኑ ኤች የምትል ፊደል ተቀምጣለች፤ ከመደበኛው ከፍ ብሏል ለማለት ነው። ከሥሩ ያለው ሌላው ዓይነት፣ ሊምፎሳይት፣ ደግሞ 15 ነው። እሱ ጋ ያለችው ፊደል ኤል ነች፣ ዝቅ ብሏል። ልጃቸው ስልኩ ላይ ሲፈልግ፣ የአንጀት ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ኒውትሮፊል እንደሚበዛና ሊምፎሳይት እንደሚያንስ የሚገልጽ ጽሑፍ አግኝቶ አነበበላቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

ልጁ ያነበበው ውሸት አይደለም። ግን ግማሹ ነው። ሌላኛው ግማሽ ስልኩ ላይ አልነበረም። ዛሬ ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጌ በቀላሉ ላስረዳ ፈልጌያለሁ፤ ምክንያቱም ይሄን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ጋሼ ብቻ አይደሉም።

የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ሦስተኛው ነው። በገዳይነት ሁለተኛው። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አዲስ ተይዘውበታል፤ 900,000 ያህል ሰዎች ሞተውበታል። "የፈረንጅ በሽታ ነው" የሚባልበት ጊዜ አልፏል። በኢትዮጵያ በወንዶች ላይ በብዛት ከሚገኙት ካንሰሮች ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ነው።

ጠብታዋ ውስጥ ያለው

ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ሲታዘዝ ደሙ የሚቀዳው ክዳኑ ሐምራዊ በሆነ ቱቦ ነው። ማሽኑ ሴሎቹን በደቂቃ ውስጥ ቆጥሮ ወረቀቱን ያወጣል። ማሽኑ ግራ ሲጋባ ግን እኛ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ እንስባለን፣ ቀለም እናፈስበታለን፣ ማይክሮስኮፕ ሥር እናስገባለን። ሜዳው በሙሉ ቀይ የደም ሴል ነው። በመሀል አልፎ አልፎ ወይን ጠጅ ቀለም የጠጡ ሴሎች ብቅ ይላሉ። ነጭ የደም ሴሎች የሚባሉት እነሱ ናቸው። መቶ እስኪሞሉ ድረስ አንድ በአንድ እንቆጥራቸዋለን። ለየዓይነቱ የቆጣሪዋን ቁልፍ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረግን።

ኒውትሮፊል ሲታይ ወዲያው ይለያል። አስኳሉ ሦስት አራት ቦታ ተቆራርሶ በቀጭን ክር የተያያዘ ይመስላል። ሊምፎሳይት ደግሞ ትንሽ ክብ ነገር ነው፤ አስኳሉ ቤቱን ሙሉ ይዞታል። ሞኖሳይት ከሁሉም ይገዝፋል፣ አስኳሉ እንደ ኩላሊት የጎበጠ ነው። ኢዮሲኖፊል ብርቱካናማ ፍሬ የተነሰነሰበት ነው። ትላትል ያለበት ሰው ደም ላይ በደንብ እናገኘዋለን።

ጤነኛ አዋቂ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ነጭ የደም ሴሎች አሉት። ማይክሮ ሊትር ማለት ጎኗ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነች ጠብታ ናት። ከእነዚህ ሴሎች ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 70 ፐርሰንቱ ኒውትሮፊል ነው፣ ከ20 እስከ 40 ፐርሰንቱ ሊምፎሳይት። ቀሪው ለሌሎቹ ይከፋፈላል።

ሥራቸው ይለያያል። ኒውትሮፊልን እኔ የማስበው እንደ ኡኡታ ደራሽ ነው። ሰፈር ውስጥ በሌሊት ኡኡ ሲባል፣ ማን እንደ ጮኸ ሳይጠይቅ ዱላውን ይዞ የሚሮጥ ሰው አለ አይደል? እሱ ነው። ቁስል፣ ባክቴሪያ፣ የተቃጠለ ቆዳ፣ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ጠላትን ከነስሙ አያውቅም። ሊምፎሳይት ግን መርማሪ ነው። አንዷን ጠላት ከሌላዋ በመልክ ይለያል፣ ያየውን አይረሳም። የካንሰርን ሴል "ይቺ የኛ ልጅ ነበረች፣ አሁን ግን ተለውጣለች" ብሎ ለይቶ መግደል የሚችለው በዋናነት ቲ ሴል የሚባለው የሊምፎሳይት ዓይነት ነው። ስለዚህ ደራሹ በዝቶ መርማሪው ካነሰ፣ ለካንሰር ጥሩ ወሬ ነው። ለሕመምተኛው ግን አይደለም።

ደም ራሱ መንገድ እንጂ መድረሻ አይደለም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን። ሴሎቹ መቅኒ ውስጥ ተወልደው፣ በደም ተሳፍረው፣ ሥራ ወዳለበት ይወርዳሉ። እኛ የምንቆጥረው አውቶቡሱ ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው።

አንጀት ውስጥ ያለ ዕጢ መቅኒን እንዴት ያዛል?

ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ የሚያስደንቀው ይሄ ነው። ዕጢው ያለው አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ምናልባት የእንጆሪ ፍሬ ታክላለች። ሴል የሚመረተው ደግሞ ዳሌ አጥንት፣ ደረት አጥንት፣ አከርካሪ ውስጥ ነው። እንዴት ተገናኙ?

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ገና እ.ኤ.አ. በ1863 ዕጢ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች እንዳሉ ልብ ብሎ ነበር። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1986፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሃሮልድ ድቮራክ ዕጢን "የማይድን ቁስል" ብሎ ጠራው። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ እስካሁን አላገኘሁም። ቁስል ሲኖር ሰውነት ይቆጣል፤ ደራሾች ይጠራሉ፤ ሥራው ሲያልቅ መቆጣቱ ይበርዳል። ዕጢ ያለበት ቦታ ግን መቆጣቱ አይበርድም። ጥሪው ቀን ከሌት አያቋርጥም።

አንጀት ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከእነሱ የሚለየን አንድ ረድፍ ሴልና ስስ የንፍጥ ሽፋን ነው። ዕጢው ያንን ግድግዳ ያፈርሳል። ባክቴሪያና ርዝራዡ ወደ ውስጥ ሾልኮ ይገባል። በተለይ ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም የሚባል፣ መኖሪያው አፍ ውስጥ የሆነ ባክቴሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጡ ሁለት ጥናቶች የአንጀት ዕጢ ውስጥ በርክቶ ተገኝቷል። የጥርስ ድድ ላይ የምናውቀው ፍጥረት እዚያ ምን ይሠራል? አንዱ የተገኘበት ሥራ፣ ናቹራል ኪለር የሚባሉትን ገዳይ ሴሎች ላያቸው ላይ ያለውን ማስቆሚያ ተጭኖ ማስቆም ነው። ይሄን ያሳዩት የኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፣ በ2015።

ዕጢውና በዙሪያው ያሉ ሴሎች እንግዲህ በኬሚካል ይጮኻሉ። ኢንተርሉኪን 6 የሚባለው መልእክት ጉበት ይደርሳል። ጉበት ሲአርፒ የሚባለውን የመቆጣት ምልክት ያመርታል፤ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት እንዲበዛም ያደርጋል። ጂ-ሲኤስኤፍ የሚባለው ሌላ መልእክት መቅኒ ይደርስና "ኒውትሮፊል አምርት" ይላል። መቅኒ በደህናው ጊዜ እንኳ በቀን 100 ቢሊዮን ያህል ኒውትሮፊል ያመርታል፤ ምክንያቱም ኒውትሮፊል ዕድሜው በሰዓታት፣ ቢበዛ በቀናት የሚቆጠር ነው። አሁን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀ ያህል ነው። ምርቱ ይጨምራል፤ ገና ያልበሰሉትም ጭምር ወደ ደም ይላካሉ።

እነዚያ ያልበሰሉት ናቸው ዋናው ራስ ምታት። ከመካከላቸው ጠላትን ከመዋጋት ይልቅ የራሳቸውን ወገን የሚያፍኑ አሉ። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2007 በአንድ ስም ሊጠሯቸው ተስማሙ፤ በአጭሩ ኤምዲኤስሲ ይባላሉ። "ከመቅኒ የወጡ አፋኞች" ብንላቸው ያስኬዳል። አፈናው እንዲህ ነው። ቲ ሴል ለመራባት አርጂኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋል። አፋኞቹ ያንን አርጂኒን ቀድመው ይጨርሱበታል። ቲ ሴሉ ዕጢው ፊት ለፊት ቆሞ በረሃብ ይዳከማል። የአንጀት ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ የእነዚህ አፋኞች ቁጥር ከጤነኛ ሰው በልጦ ይገኛል፤ በሽታው በተሠራጨባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይብሳል። ሲቢሲ ላይ ግን ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም። እነሱን ለማየት ሴሎቹን ምልክት ለጥፎ በሌዘር ጨረር ፊት አንድ በአንድ የሚያሳልፍ ፍሎው ሳይቶሜትር የሚባል ማሽን ያስፈልጋል።

የበሰሉት ኒውትሮፊሎችም ሁልጊዜ ንጹሕ አይደሉም። በርሊን ውስጥ በማክስ ፕላንክ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ። ኒውትሮፊል የራሱን ዲኤንኤ እንደ መረብ ዘርግቶ ባክቴሪያ ያጠምዳል። ግሩም መሣሪያ ነው። ችግሩ ግን መረቡ በደም የሚጓዝ የካንሰር ሴልንም ይይዛል። ይዞ ካልገደለው፣ ማረፊያ ሰጠው ማለት ነው። ከአንጀት የሚወጣ ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት ጉበት ውስጥ ያልፋል። የአንጀት ካንሰር ሲሠራጭ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ጉበት ላይ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይሄ የደም መንገድ ነው። መረቡ ደግሞ ጉበት ውስጥ ሲዘረጋ ለካንሰር ሴሎቹ መያዣ ሆኖ ተገኝቷል።

መርማሪዎቹ የት ገቡ?

በኤችአይቪ ዘመን ያለፍን ሰዎች ሲዲ 4ን እናውቃታለን። "ሲዲ ፎርህ ስንት ነው?" የሚለው ጥያቄ ከሐኪም ቤት አልፎ ቡና ላይ ይነሳ ነበር። ሲዲ 4 ማለት አስተባባሪው ቲ ሴል ነው። ሲዲ 8 ደግሞ ገዳዩ። የአንጀት ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ብዙ ጥናቶች አጠቃላይ የሊምፎሳይት ቁጥር ዝቅ ብሎ ታይቷል፤ በሽታው በገፋ ቁጥር ይበልጥ። ነገር ግን ኤችአይቪ እንደሚያደርገው ሲዲ 4ን ለይቶ አያጠፋም። መጠኑም እንደዚያ የከፋ አይደለም።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዶቹ ከአውቶቡሱ ወርደው ዕጢው ጋ ሄደዋል። ማይት ሴል የሚባሉ የቲ ሴል ዓይነቶች አሉ፤ ባክቴሪያ የሚሠራውን ቫይታሚን ነክ ነገር ለይተው የሚያውቁ። የአንጀት ካንሰር ባለባቸው ሰዎች እነዚህ ከደም ላይ ይቀንሳሉ፣ ዕጢው ውስጥ ግን ይገኛሉ። ስለዚህ "ደም ላይ አነሰ" ሁልጊዜ "ሞተ" ማለት አይደለም። ሌሎቹ ግን በእርግጥ ይሞታሉ። የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲዞል ሊምፎሳይትን ከደም ያስወጣል። አፋኞቹም የድርሻቸውን ይሠራሉ።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጠባያቸው ነው። ጠላትን ለወራት ሲያይ የኖረ ቲ ሴል ይታክታል። ላዩ ላይ ፒዲ-1 የሚባል ፍሬን ያወጣል። የካንሰሩ ሴል ያንን ፍሬን ይረግጥበታል። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ያገኙት እንዲህ ያሉ ፍሬኖችን አግኝተው መልቀቅ እንደሚቻል ስላሳዩ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሽማግሌዎቹ አሉ። ሬጉላቶሪ ቲ ሴል ይባላሉ። ሥራቸው ጠብ ማብረድ ነው። "በቃ፣ ተዉ፣ የራሳችሁ ወገን ነው" ይላሉ። ያለ እነሱ የመከላከያ ሴሎቻችን የራሳችንን አካል ይበሉት ነበር። በ2025 ሜሪ ብሩንኮ፣ ፍሬድ ራምስዴልና ሺሞን ሳካጉቺ ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ሥራ ነው። ካንሰር ሲኖር ግን ሽማግሌው ይበዛል። ሌባው ቤት ውስጥ ገብቶ ሳለ "ተዉ፣ ታረቁ" የሚል ሰው በር ላይ ቆሞ አስቡት። የአንጀት ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ የእነዚህ ሴሎች ድርሻ ከጤነኞች ይልቅ ከፍ ብሎ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ዕጢው ራሱ ውስጥ በብዛት ሲገኙ ግን፣ የአንጀት ካንሰር ላይ በተሠሩ አንዳንድ ጥናቶች፣ መልካም ምልክት ሆነው ወጥተዋል። አንዱ ግምት፣ አንጀት ውስጥ በባክቴሪያ የሚነሳውን ለዕጢው የሚመች መቆጣት ስለሚያበርዱ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ሽማግሌውንም በጅምላ አንውቀሰው።

ናቹራል ኪለር የሚባሉት ገዳዮችም ከሊምፎሳይት ወገን ናቸው፤ በቁጥር ብዙም ሳይለወጡ አቅማቸው ይዳከማል። ጃፓን ውስጥ በሳይታማ ክፍለ ግዛት 3,625 ሰዎችን ለ11 ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል። ደማቸው ውስጥ ያሉት ሊምፎሳይቶች የመግደል አቅማቸው ዝቅተኛ የነበረ ሰዎች፣ በጠቅላላው በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ቢ ሴል የሚባሉት የሌላው ሊምፎሳይት ዓይነት ነገር ከጥናት ጥናት ስለሚለያይ አልፈዋለሁ።

ለምን ማካፈል አስፈለገ?

እንግዲህ አንዱ ይጨምራል፣ አንዱ ይቀንሳል። ድምሩ ግን ያው ሊሆን ይችላል። የጋሼ ጠቅላላ ነጭ የደም ሴል 7,500 ነበር። ፍጹም ደህና ቁጥር ነው። ለውጡ ያለው ክፍፍሉ ላይ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች አንዱን ለሌላው ያካፍላሉ። ኒውትሮፊል 79፣ ሊምፎሳይት 15፤ ሲካፈል 5.3 ገደማ ይመጣል። ኒውትሮፊሉ 54፣ ሊምፎሳይቱ 36 የሆነ ሰው ደግሞ 1.5 ነው። ሌላ ማሽን አያስፈልገውም፣ ሌላ ክፍያም የለውም። ማንኛውም የጤና ጣቢያ ሲቢሲ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ትልቅ ግምገማ 100 ጥናቶችንና 40,559 የልዩ ልዩ ካንሰር ሕመምተኞችን አንድ ላይ አድርጎ ተመለከተ። ይህ ቁጥር ከፍ ያለባቸው ሰዎች የመሞት አደጋቸው 1.8 ጊዜ ያህል የበለጠ ነበር። የአንጀት ካንሰርም ከእነዚያ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ይሄ ጥናት የሚለው፣ ካንሰር እንዳለባቸው አስቀድሞ የታወቁ ሰዎች መካከል ማን ይበልጥ ሊከፋበት እንደሚችል ነው። ካንሰር አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን አይደለም። የጋሼ ልጅ ያምታታው እዚህ ጋ ነበር።

ምክንያቱም ይህን ቁጥር ከፍ የሚያደርገው ብዙ ነገር ነው። የሳንባ ምች ከፍ ያደርገዋል። ትርፍ አንጀት ከፍ ያደርገዋል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ኒውትሮፊልን ያበዛል፣ ሊምፎሳይትን ይቀንሳል። ሲጋራ፣ ከባድ ጭንቀት፣ ኦፕራሲዮን፣ የመኪና አደጋ፣ ሁሉም ያንቀሳቅሱታል። በአንጻሩ ገና በጅምር ያለ የአንጀት ካንሰር ቁጥሩን ንክች ላያደርገው ይችላል። ፖሊፕማ፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለው የአንጀት ግድግዳ ትንሽ እብጠት፣ ጨርሶ አይታይበትም። ስለዚህ በሲቢሲ ተደናግጦ "ካንሰር አለብኝ" ማለትም፣ በሲቢሲ ተጽናንቶ "የለብኝም" ማለትም ትክክል አይደለም።

እኛን በተለይ የሚመለከት ሌላ ነገር አለ። የብዙ ሐበሾች ኒውትሮፊል በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ነው። ደፊ የሚባል ምልክት ቀይ የደም ሴል ላይ የሌላቸው ሰዎች አሉ። ይህ ባሕርይ ቪቫክስ ከሚባለው የወባ ዓይነት በእጅጉ ይከላከላል፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካና በየመን አካባቢ በሰፊው ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ይኸው ባሕርይ ደም ውስጥ ያለው ኒውትሮፊል ዝቅ እንዲል እንደሚያደርግ አሳየ። እስራኤል ውስጥ በቤተ እስራኤላውያን ላይ ይሄ ዝቅ ማለት ከታወቀ ቆይቷል። ሰውየው ጤነኛ ነው። ለኢንፌክሽንም ከሌላው ሰው ይበልጥ አይጋለጥም። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ኤል ይወጣበታል። ሐኪሙ ካላወቀ ደግሞ ኬሞ ሊዘገይበት፣ መጠኑ ሊቀነስበት ይችላል። በምናወራው ማካፈልም ቢሆን፣ የእሱ መነሻ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለሌሎች ሕዝቦች የተሰመረው መስመር ለእሱ ላይሠራ ይችላል።

ሲዲ 4ም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ባደረገው ጥናት፣ የጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ 4 ከኔዘርላንድስ ሰዎች ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ወደ እስራኤል አዲስ በገቡ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የአንጀት ትላትል የመከላከያ ሴሎችን ዘወትር አንቅቶ እንደሚያቆያቸው አሳይተዋል። ዋሽንግተንም ኑሩ፣ ቴል አቪቭ፣ ሪያድ፣ ወይም አዲስ አበባ፣ የራሳችሁ የቆየ ሲቢሲ ከማንኛውም መጽሐፍ ላይ ካለ መደበኛ ቁጥር ይልቅ ለሐኪማችሁ ይጠቅመዋል። አትጣሉት። በደህናችሁ ጊዜ የነበራችሁን ቁጥር የሚያውቀው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ከአውቶቡሱ ይልቅ መድረሻው

ደም መንገድ ነው ብዬ ነበር። መድረሻውን በቁጥር ካሳዩት አንዱ ፓሪስ የሚሠራው ተመራማሪ ዠሮም ጋሎን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ባሳተመው ሥራ፣ በቀዶ ሕክምና የወጣ የአንጀት ዕጢ ውስጥ ያሉትን ቲ ሴሎች ቆጠረ። መሀሉ ላይ ስንት፣ ዳሩ ላይ ስንት። ብዙ ቲ ሴል የገባበት ዕጢ የነበረባቸው ሰዎች በሽታው የመመለስ ዕድሉ አነስተኛ ነበር። በ2018 ይሄው አቆጣጠር በ13 አገሮች፣ በ2,681 ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ ሠርቷል። ኢሚውኖስኮር ይባላል። እንግዲህ አውቶቡሱ ውስጥ ስንት ሰው አለ ከማለት፣ ስንቱ ወርዶ ሥራ ላይ ነው ማለቱ ይበልጣል።

ሥራ ላይ ሲሆኑ ምን ማድረግ እንደሚችሉም ታይቷል። ከአንጀት ካንሰሮች 15 ፐርሰንት ያህሉ ዲኤንኤ ሲገለበጥ የሚፈጠረውን ስሕተት የሚያርመው መሣሪያቸው ተበላሽቷል። ስሕተቱ ስለሚከማች ሴሎቹ መልካቸው በጣም ይለወጣል። መርማሪው በቀላሉ ይለያቸዋል፣ ፍሬኑ ባይያዝበት ኖሮ። ኒውዮርክ በሚገኘው መታሰቢያ ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል እንዲህ ያለ የፊንጢጣ ካንሰር ላለባቸው ሰዎች ዶስታርሊማብ የተባለውን ፍሬን ለቃቂ መድኃኒት ለስድስት ወር ሰጡ። በ2022 ውጤቱ ሲወጣ ሕክምናውን የጨረሱት 12 ሰዎች በሙሉ ዕጢያቸው ጠፍቶ ነበር። ኦፕራሲዮን የለ፣ ጨረር የለ፣ ኬሞ የለ። ያንን ዜና ያነበብኩ ቀን ሥራ ቦታ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ ለሌሎቹ 85 ፐርሰንት ዕጢዎች ደግሞ በአብዛኛው እንዲህ አይሠራም። ቢሆንም የአንጀት ካንሰር የተገኘበት ሰው ሁሉ "የኔ ዕጢ የዚያ ዓይነት ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ምርመራው ከወጣው ዕጢ ናሙና ላይ የሚሠራ ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ኒውትሮፊሉን ካየሁ በኋላ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። ሂሞግሎቢን፣ የደም ማነስን የሚያሳየው ቁጥር፣ 9.4። ለወንድ ቢያንስ 13 መሆን ነበረበት። የአንዱ ቀይ ሴል ግዝፈት በአማካይ 70፤ ደህና ቢሆን ከ80 በላይ ነው። ፕላትሌት 480,000። እዚያም ኤል፣ ኤል፣ ኤች ተጽፏል፤ ግን ልጁ አልፈለገውም፣ እሳቸውም አላዩትም። ቀይ ሴሎች በቁጥር አንሰው ግዝፈታቸውም ሲያንስ ብዙውን ጊዜ ብረት አልቋል ማለት ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ሥጋ የሚበላ ወንድ ብረት የሚያልቅበት ብዙውን ጊዜ ደም ከአንድ ቦታ እየፈሰሰ ከሆነ ነው።

"ጋሼ፣ ሰገራዎ ላይ ደም አይተው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እሱማ ኪንታሮት ነው። ሁለት ዓመቱ።" አንድ ክሊኒክ ኪንታሮት ነው ብሎ ቅባት ሰጥቷቸዋል። ሌላ ጊዜ አሜባ ተብለው መድኃኒት ወስደዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ድካማቸውን ሲናገሩ ታይፎይድና ታይፈስ ተባሉ። ውስጣቸውን በመሣሪያም ሆነ በጣት ያየ ሰው አልነበረም። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ኪንታሮት ያለበት ሰው ብዙ ነው፤ ግን ኪንታሮት መኖሩ ሌላው አለመኖሩን አያረጋግጥም። አሜሪካ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ ምንም ምልክት የሌለው ሰው እንኳ ከ45 ዓመቱ ጀምሮ እንዲመረመር ይመከራል። እዚያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቀጠሮውን አትዝለሉት። እዚህ ደግሞ ደም ያየ፣ የሰገራው ልማድ የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የከሳ ወይም ደም ያነሰው ሰው ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ፣ ይጠይቅ።

ጋሼ ኮሎኖስኮፒ ተደረገላቸው። በግራ በኩል ትልቁ አንጀት ላይ ዕጢ ተገኘ። ተቆርጦ ወጣ። ንፍፊቶቹ ንጹሕ ነበሩ፣ ጉበታቸውም እንዲሁ። ኬሞ አላስፈለጋቸውም። ኦፕራሲዮኑ ካለፈ በሦስት ቀኑ የወጣው ሲቢሲ ላይ ኒውትሮፊሉ ጭራሽ ወደ 86 ወጥቶ ልጃቸው ደውሎልኝ ነበር። የኦፕራሲዮን ቁስልም ቁስል ነውና ደራሾቹ መሮጣቸው አይቀርም አልኩት። በሦስት ወሩ ጋሼ አዲስ ወረቀት ይዘው መጡ። አላጠፉትም። ከቀድሞዎቹ ጋር በላስቲክ ማህደር አድርገውታል።

"ኒውትሮፊሉ ስንት ሆነ?" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

ኒውትሮፊል 58፣ ሊምፎሳይት 31። ሲካፈል 1.9 ገደማ። ነገርኳቸው፤ ግን ጣቴን መጀመሪያ ያሳረፍኩት ሂሞግሎቢኑ ላይ ነበር። 12.9 ይላል።